«ኩፍኝ የወጣለት ልጅ ይጠነክራል» ስለተባለው፦ የጅማ ሰፈሮች ነዋሪዎች ክርክር

ከቆጪ፦ እሁድ በእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ የተከበሩ አባት «ኩፍኝ የወጣለት ልጅ ይጠነክራል፤ ሁለተኛውን ክትባት ምን ያደርግላችኋል?» ሲሉ ብዙ ሰው ተስማማ። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቫይረሱ ቀድሞ የሚይዘው ሊከላከሉት የሚገባቸውን ሴሎች ነው፤ በሳንባ ውስጥ ያሉት ራሳቸው ተሸክመው ንፍፊት ድረስ ያደርሱታል፤ እዚያም ያለፉ በሽታዎችን የሚያስታውሱትን ሴሎች፣ ሲዲ 150 በተባለው ፕሮቲን በኩል እየገባ ያጠፋቸዋል። ታዲያ የሚጠነክረው ምኑ ነው?

ከሂርማታ፦ አባታችን ያለ መሠረት አልተናገሩም። ኩፍኝ አንዴ የወጣበት ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ ሐኪሞችም አይክዱም። ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ደሙ ቢመረመር የነጭ የደም ሴሎቹ ቁጥር ተመልሶ ይገኛል። «ያጠፋቸዋል» እያሉ እናቶችን ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም፤ ሽማግሌን በአደባባይ ማረምም እንዲሁ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ በላብራቶሪ ስለምሠራ ቁጥሩ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ነገር ግን አዲስ የሚራቡት በአብዛኛው ኩፍኝን ብቻ የሚያውቁ ናቸው። የእድር አባላት ቁጥር ስለሞላ ነባሮቹ በሕይወት አሉ ማለት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በኔዘርላንድስ ያልተከተቡ 77 ልጆችን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ አነጻጽሮ፣ ከቀድሞ አንቲቦዲያቸው (በሽታን ከሚከላከሉት የደም ፕሮቲኖች) ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነው ጠፍቶ አግኝቶታል። ክትባቱን የወሰዱ ልጆች ላይ ይህ አልታየም።

ከሂርማታ፦ የኔዘርላንድስ ልጆች ደም ለጅማ ልጅ እንዴት ይመሰክራል? እኔና ወንድሞቼ በሙሉ ኩፍኝ ወጥቶብን አድገናል።

ከቆጪ፦ ቫይረሱ አንድ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ፎን ፒርኬ የተባለው የቪየና ሐኪም በቆዳ ምርመራ ለቲቢ ምላሽ ይሰጡ የነበሩ ልጆች ኩፍኝ ሲይዛቸው ምላሻቸው እንደሚጠፋ አይቷል። ቲቢ ደግሞ እኛም ዘንድ አለ።

ከአጂፕ፦ የጎረቤቴ ልጅ ትኩሳቱ ለቆት፣ ቆዳው ተቀርፎ መጫወት ጀምሮ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ተቅማጥ ያዘው፣ ጆሮው መግል አፈሰሰ፣ በመጨረሻም በሳንባ ምች ተኛ። እናቱ ሦስቱንም ከኩፍኙ ጋር አላያያዘችም፤ የነገራትም ሰው አልነበረም። ልጁ ይጠነክራል ተብሎ ዝም የተባለች እናት ይህን ከማን ትስማ?

ከሂርማታ፦ እንግዲያው ወቀሳውን ለሽማግሌው ብቻ አትተዉት። ሁለተኛው መጠን በ15 ወር መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ቀጠሮው ከቡና ለቀማ ጋር ሲገጥም እናት ልጇን አዝላ ገጠር ትወርዳለች። እስኪ ስለዚህ ተናገሩ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ይህ ትክክል ነው፤ ቀጠሮ ያለፈባት እናት ግን ስትመለስም ማስከተብ ትችላለች። እንዳትመጣ የሚያደርጋት «ይጠነክራል» የሚለው ቃል ነው።

ከሂርማታ፦ ለኩፍኝ ራሱ ይጠነክራል፤ ከዚህ አልወርድም።

ከቆጪ፦ ለአንዱ ጠንክሮ ለሌላው ሁሉ የተጋለጠ ልጅ ጠንካራ አይባልም። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዛለሁ።