የዳኛ ደመወዝ በማን እጅ ይሁን?

ጭብጡን ያነሣው (ደብረ ማርቆስ)፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የማን ደመወዝ ወር ይደርሳል? ትናንት ቡና ላይ አንዱ «በጀት ቢጠብም የዳኞች ደመወዝ አይነካ፣ እንዲያውም ተለይቶ ይጨመርላቸው» ቢል ቤቱ ተተራመሰ። እስቲ እዚህም ተጠየቅ ልጠየቅ በሉ።

አስተማሪው (ሞጣ)፦ አልስማማም። ኖራ የነካው እጄ የሚቀበለውን ብር የጤፍ ነጋዴው ያውቀዋል። ሁሉም ሲራብ ለብቻው የጠገበ ዳኛ የተራበውን አቤቱታ በምን ጆሮ ይሰማል?

ጠበቃዋ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ እርስዎ ወረዳውን አይዳኙም። ዳኛው ግን ገበሬ ለመሬቱ ካሳ ሲከስ ተከሳሽ አድርጎ የሚያቆመው ያንኑ መንግሥት ነው፣ ደመወዙን የሚከፍለውን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል። እዚያው ግርጌ ላይ ደግሞ የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያንብቧቸው።

ነጋዴው (ቡሬ)፦ ደመወዝ ሲጨመር ጉቦ ይቀራል የምትሉትን ተዉኝ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለው አገር እኮ ነው። የሚበላ ሰው ጠግቦም ይበላል።

ጠበቃዋ፦ ጉቦ መቼ አነሣሁ? እኔ የምለው ስለማይበላው ዳኛ ነው።

የሕግ ተማሪው (ደብረ ማርቆስ)፦ የውጭውንም እንይ። የአየርላንድ ሕገ መንግሥት ዳኛ በሥራ ላይ እያለ ደመወዙ እንዳይቀነስ ይከለክል ነበር። ኢኮኖሚው ሲወድቅ እ.ኤ.አ. በ2011 ጉዳዩ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ ከመራጩ 80 በመቶ ገደማው ይቀነስ አለ። የፖርቱጋል ዳኞች ማኅበርም ተቀነሰብን ብሎ ከሶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ቅነሳው ጊዜያዊ ነው፣ ዳኞች ላይ ብቻም አልተነጣጠረም፣ ስለዚህ ነጻነታቸውን አይነካም አለ።

አስተማሪው፦ ተረታሽ በያ እህት ዓለም!

ጠበቃዋ፦ የት ቸኮሉ! ተማሪው ካናዳን ዘለላት። የዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 የዳኛ ደመወዝ መቀነስ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ገለልተኛ ኮሚሽን ይየው፤ ዳኛና መንግሥት ተቀምጠው በደመወዝ አይደራደሩም አለ። ይቀነስ አይቀነስ ላይ አልሞትም። ከሁሉም እኩል ከተቀነሰ እሺ ይቀነስ። የምፈራው ለአንዱ የሚሰጠውን፣ ለሌላው የሚከለከለውን ነው፤ ቤቱን፣ ቦታውን፣ ነዳጁን። ደመወዝማ ቢያንስ በሰነድ ነው።

ገበሬው (ወረዳዬን አልጠራም)፦ ልጆቼ፣ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመሬት ካሳ ክስ ነበረኝ፣ ከወረዳው ጋር። አምስት ጊዜ ተቀጠረ። በመካከሉ አንድ ቀን ኃላፊውን ላናግር ብዬ ብሄድ በረንዳው አግዳሚ ላይ የኔው ዳኛ ተቀምጧል። «አባቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ጠጋ አለልኝ። ጉልበቱ ላይ ቡኒ ፖስታ አለ። የቤት ማመልከቻ ነው አሉኝ በኋላ። እኔም እሱም አንዱን ሰው ስንጠብቅ ዋልን። እሱ ወደ መሬት ያያል፣ እኔ ወደ በሩ። ስለ ክሱ ትንፍሽ አላልንም።

ነጋዴው፦ ታዲያ ኃላፊው ማንን አስቀድሞ አስገባ?

ገበሬው፦ ማንንም። ስብሰባ ነው ተባልን።

አስተማሪው፦ ይኸንስ አላሰብኩትም። እኔ ስለ ደመወዝ ብቻ መስሎኝ። ለመሆኑ አያ፣ ፈረደልዎት?

ገበሬው፦ ፈረደልኝ እንጂ። አፈጻጸም ላይ ነኝ። እሱ ቤቱን ያግኝ አያግኝ አላውቅም፤ መጠየቁም አሳፈረኝ።