ሰርቨሩ ዛሬ ጠዋት ማንንም አላስገባ አለ፤ ሰኔ 30 ደግሞ ሰኞ ነው

ሂሳብ_ሠሪዋ፣ ዓርብ ሰኔ 27፣ ጠዋት 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ አይቲ አይደለሁም። አካውንታንት ነኝ። ግን ቢሮ ውስጥ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምጠራው እኔ ስለሆንኩ ሰርቨሩም በዚያው እኔው ላይ ቀረ።

የግንባታ ዕቃ ነጋዴዎች ነን። ቢሮው መርካቶ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ፣ አንድ ሱቅ ደግሞ አዳማ አለን። ድሮ ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራማችን) በየኮምፒውተሩ ነበር። የቃሊቲው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳታውን በፍላሽ ይዞልኝ ይመጣል። አንድ ቀን ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ቀረ። አለቃዬ "በቃ ሁሉም አንድ ቦታ ይሁን" ብለው ሰርቨር የገዙት ከዚያ በኋላ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2022፣ 32 ጊጋ ራም። አንድ ቴክኒሻን መጥቶ ሁላችንም በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ከያለንበት ሆነን የሰርቨሩን ስክሪን ከፍተን፣ እንድንገባ አድርጎ አስተካከለልን። ቀኑን አልረሳውም፣ የካቲት 26 ነው። የክፍያ ማዘዣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እውነት ለመናገር በጣም ተመችቶን ነበር። 9 ሰው ነን። ቃሊቲ መብራት ቢሄድ እንኳ ሰርቨሩ መርካቶ በዩፒኤስና በጄኔሬተር ይቆያል። ልጁ መብራት ሲመጣ ተመልሶ ሲገባ ግማሽ የጻፈው ደረሰኝ እንዳለ ይጠብቀዋል።

ዛሬ ጠዋት ግን አንድም ሰው አልገባም። ላይሰንስ (ፈቃድ) የሚሰጥ ሰርቨር ስላልተገኘ ግንኙነቱ ተቋርጧል ይላል። እኔ ደረጃ ሥር ያለችው ክፍል ገብቼ፣ ራሱ ሰርቨሩ ላይ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቼ ስሞክር ግን ይከፍታል። ፒችትሪም ይሠራል። ቴክኒሻኑ ስልክ አያነሳም። ሰኞ ዓመቱ ይዘጋል፣ ቆጠራም አለብን። ምን ላድርግ? ዊንዶውሱን እንደገና ላስጭነው?

ኬብል_ጎታች፣ 4፡35

እህቴ፣ በእግዜር ምንም እንዳታስጭኚ። ሰርቨርሽ ጤነኛ ነው።

እስቲ ከየካቲት 26 ጀምረሽ ቁጠሪ። እስከ ሰኔ 26 አራት ወር ነው። በኛ ካላንደር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ልክ 120 ቀን ይሆናል። ማይክሮሶፍት ያለ ፈቃድ የሚታገሠውም 120 ቀን ነው፣ የመጀመሪያው ሰው በሪሞት ከገባበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር። ትናንት አለቀላችሁ።

ዊንዶውስ ሰርቨር እንደተገዛ በሪሞት የሚያስገባው ሁለት ሰው ብቻ ነው። እሱም ሰርቨሩን ለሚያስተዳድር ሰው ነው እንጂ ደረሰኝ ለሚጽፍ አይደለም። ከዚያ በላይ ከተፈለገ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስገባው፣ ሴሽን ሆስት የሚባለው ይጫናል። ይሄን ሰውየው ጭኖላችኋል። ቀጥሎ ፈቃዱን የሚያድለው፣ ላይሰንሲንግ የሚባለው ተጭኖ፣ ፈቃድ ተገዝቶ እዚያ ውስጥ ይገባል። እሱን ዘሎታል። ቤቱን ሠርቶ ካርታ ሳያወጣ ቁልፍ አስረከባችሁ ማለት ነው። ያኔውኑ ቢነግራችሁ እኮ አራት ወር ሙሉ መዘጋጃ ጊዜ ነበራችሁ።

ሾርትከት፣ 5፡02

ምን አስጨነቃችሁ። ያንን ቆጣሪ ወደ ዜሮ የሚመልስ ፋይል አለኝ፣ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። እኛ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነን። ተራ ዊንዶውስ 10 ላይ ብዙ ሰው የሚያስገባ ፓችም (ዊንዶውሱን የሚቀይር ፋይል) አለ። ያን ብታውቂ ሰርቨር ራሱ ባልተገዛ።

ኬብል_ጎታች፣ 5፡09

ሾርትከት ወንድሜ፣ ያ ፓች አፕዴት በገባ ቁጥር ስንቴ ጉድ አደረገህ? አንድ ደንበኛዬ ጋ ማክሰኞ ሌሊት አፕዴት ገባ፣ ረቡዕ ጠዋት ቢሮው በሙሉ ሻይ ሲጠጣ ዋለ። ደግሞስ የድርጅቱ ሂሳብ ያለበት ሰርቨር ላይ ከቴሌግራም የመጣ ፋይል በአድሚን ይከፈታል? እንኳን ሰርቨር ላይ፣ የእናቴ ላፕቶፕ ላይ አልከፍተውም።

የሌሊት_ፈረቃ፣ 5፡30

ቨርጂኒያ ነኝ፣ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ሥራዬም ይሄው ነው፣ ሰርቨር መጠበቅ።

ኬብል_ጎታች ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ግዢው ልጨምር፣ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሰው ይቆጠራል፣ ሌላው በኮምፒውተር። አንድ ሰው ከቢሮም ከቤትም ከስልኩም የሚገባ ከሆነ የሰው ያዋጣል። ብዙ ሰው አንድ ኮምፒውተር ላይ ተራ በተራ የሚቀመጥ ከሆነ ግን የኮምፒውተር ነው የሚሻለው። በዚያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰርቨራችሁ ዶሜን (ተጠቃሚው ሁሉ ከአንድ ማዕከል የሚተዳደርበት ኔትወርክ) ውስጥ ካልሆነ፣ ማለትም ወርክግሩፕ (ኮምፒውተሩ ሁሉ ለየራሱ የሆነበት) ከሆነ፣ የሰው ፈቃድ እንዳትገዙ። ከ2019 ወዲህ ባሉት ሰርቨሮች ላይ በየ60 ደቂቃው ሰውን እያስወጣ ያሰቃያችኋል። ገንዘቡም ወጥቶ፣ ችግሩም ባለበት።

የፈቃዱ ዓመት ከሰርቨሩ እኩል ወይም አዲስ መሆን አለበት። የ2019 ፈቃድ 2022 ላይ አይሠራም። በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ንገሪኝ፣ ዶሜን ነው ወርክግሩፕ? ስንት ኮምፒውተር አላችሁ? አዳማ ያለው ሱቅስ በምን በኩል ነው የሚገባው?

ሂሳብ_ሠሪዋ፣ 6፡05

ወርክግሩፕ ነው የሚለው። ኮምፒውተሮቹ 6 ናቸው፣ መርካቶ 3፣ ቃሊቲ 2፣ አዳማ 1። የቃሊቲዎቹ በፈረቃ ስለሆኑ ወንበሩ አይቀዘቅዝም። አዳማ ደግሞ ቴክኒሻኑ "ራውተሩ ላይ የሪሞት ዴስክቶፑን ፖርት (በር)፣ 3389ን፣ ከፍቼላችኋለሁ፣ የትም ሆናችሁ ትገባላችሁ" ብሎናል። ቋሚ አይፒ (የማይቀያየር የኢንተርኔት አድራሻ) አለን። ያኔ ደስ ብሎን ነበር።

የሌሊት_ፈረቃ፣ 6፡12

ላይሰንሱን ለጊዜው ተዪው። ሰርቨሩ ላይ ኢቨንት ቪውወር (የሰርቨሩ መዝገብ) ክፈቺ፣ ሴኪዩሪቲ የሚለው ውስጥ ግቢና ቁጥር 4625ን ፈልጊ። ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ማለት ነው። ያየሽውን ንገሪኝ።

ሂሳብ_ሠሪዋ፣ 6፡40

ኧረ በስመ አብ!

በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ነው። ወደታች ብጎትት ብጎትት አያልቅም። አድሚኒስትሬተር፣ አድሚን፣ ቴስት፣ ዩዘር፣ ስካነር። አንዱ ሪሴፕሽን ብሎ ሞክሯል። እኛ እኮ ሪሴፕሽን የለንም! ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ በገና ሰሞን፣ ለፋሲካ በግ ስናርድ፣ ሁሌም እየሞከሩ ነበር ማለት ነው?

የራውተሩን ፖርት ዘግቼዋለሁ። የአዳማዋ ካሸር ብትገባም ባትገባም ግድ የለኝም፣ ለዛሬ የሽያጭ ደረሰኞቹን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልካለች።

ኬብል_ጎታች፣ 6፡44

ገና እንኳ አይሆንም፣ ሰርቨሩ የካቲት ነው የገባው 😄 ፋሲካን ግን አብረዋችሁ ውለዋል።

የሌሊት_ፈረቃ፣ 7፡00

ጎበዝ፣ እንኳን ዘጋሽው። የሚሞክሩት ሰዎች አይደሉም። የኢንተርኔቱን በር በሙሉ ሲያንኳኩ የሚውሉ ፕሮግራሞች ናቸው። የተከፈተ 3389 ሲያገኙ ፓስወርድ ይገምታሉ። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ከሚገባባቸው በሮች ዋነኛው ይሄ ነው። የፖርት ቁጥሩን ብትቀይሪውም ያገኙታል። ደግሞ ፓስወርድ ጠንካራ ነው ብሎ መተኛት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ጭራሽ ፓስወርድ ሳይጠይቅ በድሮ ዊንዶውሶች ያስገባ ነበር። ያ ያንቺን 2022 አይነካም፣ ግን በር ክፍት አድርጎ ማደር ምን እንደሆነ ያሳያል። አዳማ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ የተቆለፈ የግል መስመር) ትግባ። ራውተርሽ ማይክሮቲክ ከሆነና ሲስተሙ 7 ከሆነ ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ውስጡ አለ፣ ኬብል_ጎታች ያግዝሽ።

አሁን ለሰኞ የሚያደርስሽን ልንገርሽ። ሰርቨር ማኔጀር ውስጥ ገብተሽ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንሲንግ የሚለውን ጨምሪ። ቀጥሎ የላይሰንሲንጉን ማኔጀር ከፍተሽ ሰርቨሩን በኢንተርኔት አክቲቬት አድርጊ፣ እሱ አያስከፍልም። ከዚያ ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውሱ ደንብ ማስተካከያ) ውስጥ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ሥር፣ በሴሽን ሆስት ሥር ላይሰንሲንግ አለ። እዚያ ሁለት ነገር ትሞያለሽ። አንደኛው የላይሰንስ ሰርቨሩ ስም ነው፣ ያው የራሱን ስም ስጪው። ሁለተኛው ዓይነቱ ነው፣ በኮምፒውተር የሚለውን ምረጪ።

በኮምፒውተር ሲሆን እያንዳንዱ ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲገባ የ90 ቀን ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጠዋል። ሰኔ 30ን ያሻግርሻል። ግን ነግሬሻለሁ፣ ይሄ መተንፈሻ ነው። ግዢውን ነገውኑ ጀምሩ፣ አለበለዚያ መስከረም መጨረሻ ላይ እዚሁ ተመልሰሽ ትጽፊያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ እዪልኝ። 9ኙም ሰዎች አድሚኒስትሬተርስ ግሩፕ (ሰርቨሩን ሁሉ ማዘዝ የሚችሉት) ውስጥ ናቸው?

ሂሳብ_ሠሪዋ፣ 7፡20

ናቸው። የጥበቃውም ጭምር (እሱ የመኪና መግቢያ መውጫ ይመዘግባል)።

የሌሊት_ፈረቃ፣ 7፡23

🤦🏾 ሪሞት ዴስክቶፕ ዩዘርስ የሚባል ግሩፕ አለ። ሁሉንም ከአድሚኒስትሬተርስ አውጥተሽ እዚህ አስገቢ። አድሚን አንቺ ብቻ ሁኚ።

ፒችትሪ_ያረጀኝ፣ 9፡15

የኔ ቆንጆ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ስሙን ሴጅ 50 ካሉት ስንት ዓመቱ፣ እኛ ግን ፒችትሪ እንዳልነው እንሞታለን።

የሪሞቱ ፈቃድ ሌላ፣ የፒችትሪው ሌላ። ፕሪሚየሙ ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው እስከ 5 ሰው ነው። ወር መጨረሻ ላይ "ሰው ሞልቷል" እያለ ሲያስቸግራችሁ አልነበር? ግማሹ ሰው እኮ የለም። አንዱ ምሳ ሲሄድ መስኮቱን በኤክሷ ይዘጋና ወጣሁ ይላል። አልወጣም። ሴሽኑ (የከፈተው ሥራ) ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ የፒችትሪዋንም ወንበር ይዟል። ያ የቃሊቲው ልጅ መብራት ሲመጣ ደረሰኙን ባለበት የሚያገኘው በዚሁ ጠባይ ነው፣ ጥቅሙም ጉዳቱም አንድ ነው። ፖሊሲው ውስጥ የተቋረጠ ሴሽን ስንት ሰዓት ይቆይ የሚል አለ። እኔ 1 ሰዓት ነው የማደርገው። ያላስቀመጡት ሥራ ግን አብሮ እንደሚጠፋ ለሁሉም ንገሪያቸው።

ሂሳብ_ሠሪዋ፣ ቅዳሜ ሰኔ 28፣ ጠዋት 3፡30

ገባን!

ትናንት ማታ 2 ሰዓት ድረስ ደረጃ ሥር ነበርኩ። መጀመሪያ አልሠራ አለኝ፣ ማልቀስ ነው የቀረኝ። የፈቃዱን ችግር የሚያሳይ ላይሰንሲንግ ዳያግኖዘር የሚባል አለ፣ ኬብል_ጎታች በስልክ አስከፈተኝ። ዓይነቱ አልተመረጠም ይላል። ሁለቱን ፖሊሲ ሙዪ ተብዬ ስሙን ሞልቼ ዓይነቱን ረስቻለሁ። ሞልቼ ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግኩት። ቃሊቲ ደወልኩ፣ "ገባ" አለኝ። የስልክ ማጉያው ላይ ስለነበር አለቃዬም ሰሙት። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ስንት ብር ነው?" ሆነ።

ሂሳብ_ሠሪዋ፣ ሐምሌ 9፣ ከሰዓት 8፡50

የመጨረሻውን ልንገራችሁ ብዬ ነው። 6 የኮምፒውተር ፈቃድ፣ የ2022፣ ከሕጋዊ ደረሰኝ ጋር ገዛን። ሻጩ መጀመሪያ ዋጋ የሰጠን ለ9 ሰው ነበር። ወርክግሩፕ መሆናችንን ስነግረው ዝም አለና ሌላ ፕሮፎርማ ላከ። ተራው የዊንዶውስ ሰርቨር መግቢያ ፈቃድም ለየብቻው እንደሚፈለግ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፣ ተጨመረበት። አለቃዬ "ይሄስ መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉኝ። አያልቅም፣ ሰርቨሩን ወደ አዲስ ካልቀየርን በስተቀር አልኳቸው። ልክ ነኝ አይደል?

አዳማ በዋየርጋርድ ገብታለች። የ4625ቱ መዓት ቆሟል። ትናንት ሁለት ብቻ አየሁ፣ ሁለቱም ካፕስ ሎክ ያልዘጋው ጥበቃ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የአዳማዋ ካሸር ፕሪንት ስትል ወረቀቱ መርካቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ዛሬ ብቻ 14 ደረሰኝ አትማልኛለች። ደንበኛው እዚያ ቆሞ ይጠብቃል።

የሌሊት_ፈረቃ፣ 9፡40

ፈቃዱ ላይ ልክ ነሽ። ለፕሪንተሩ፣ ካሸሯ ከመግባቷ በፊት ሪሞት ዴስክቶፑ ላይ ሾው ኦፕሽንስ ብላ፣ ሎካል ሪሶርስስ ውስጥ ፕሪንተርስ የሚለው ላይ ራይት ታድርግ። ወጥታ ትግባ፣ በኤክሷ ሳይሆን ሳይን አውት ብላ።

ሂሳብ_ሠሪዋ፣ 9፡58

አዳማ ወጣ። 15ኛው ግን ቀድሞ እኔ ጋ መጥቷል።