ክርክር፦ ለአስም ልጅ የሳንፉ ፓች ይለጠፍ ወይስ ይቅር?

የጓንዡዋ እናት፦ ሰላም የግሩፑ ሰዎች፣ ቻይና ጓንዡ ነው ያለሁት፣ እባካችሁ እንደ እህትና እንደ ወንድም አማክሩኝ። ልጄ 6 ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት፣ ዲሴምበር ላይ ብርድ ሲገባ ደረቷ ሲያፏጭ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። ጎረቤታችን ያሉ ቻይናዊት አሮጊት ታዲያ ሳንፉ ሳያልፍ ውሰጃት ፓች ይለጠፍላት እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ለማታውቁት፣ ሳንፉ ማለት ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ያለው የዓመቱ ዋና ሙቀት ነው፣ እንደ ዓመቱ 30 ወይ 40 ቀን ይሆናል፣ ለሦስት ይከፈላል፣ በየክፍሉ መጀመሪያ ቀን የባህል ህክምና ሆስፒታል ትሄጃለሽ፣ ጀርባዋ ላይ አኩፓንቸር የሚወጉበት ነጥብ ላይ በመርፌ ፋንታ መድኃኒት ይለጥፉላታል። የዊንተርን በሽታ በሰመር አክመው ነው የሚሉት። ሦስት ዓመት በተከታታይ ይደረግ ይላሉ። ሰልፉን ብታዩት አያቶች የልጅ ልጅ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል። ባለቤቴ ጥንቆላ ነው አለና ዘጋው፣ እኔ ግን ይሄ ሁሉ ሕዝብ ተሳስቶ ነው እንዴ እያልኩ ልቤ ለሁለት ተከፈለ።

የቲያንጂኑ ተማሪ፦ እህቴ ጥንቆላስ አይደለም፣ ባለቤትሽን አክብሬ ነው የምለው። እኔ እዚህ የምማረው ይሄንኑ ሙያ ነው። በነሱ አስተሳሰብ ሰመር የእሳት ወቅት ነው፣ የልብ ወቅት ነው፣ ላብ የሚወጣበት የቆዳ ቀዳዳ የሚከፈትበት፣ ስለዚ መድኃኒት በቆዳ በኩል ወደ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ነው ብለው ነው የሚነሱት። 2000 ዓመት ገደማ የሆነው የቢጫው ንጉሥ የሚባለው የህክምና መጽሐፍ ለሰመር የሚመክረውን ብታነቢ አያቶቻችን የተናገሩት ነው የሚመስልሽ፣ ማታ አምሽተህ ተኛ፣ ጠዋት በጊዜ ተነስ፣ በፀሐዩ አትማረር፣ አትቆጣ። ሙቀት መታው የሚሉትን በሽታ ስማር ወዲያው ትዝ ያለኝ ምች ነው፣ እናቴ ዳማከሴ በእጇ አሽታ ጨምቃ ስታጠጣኝ። ያንን ማን ጥንቆላ አለው? ደግሞ ወባ ይዞት ኮአርተም ያልዋጠ ማን አለ፣ እሱ እኮ ከቻይና ባህል መድኃኒት ነው የወጣው፣ ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ በፈረንጆች 2015 ኖቤል የተሸለመችበት። ስለዚ በደፈናው አንጣለው።

ፋርማሲስቷ፦ በደፈናው ማንም አልጣለውም ወንድሜ፣ ግን ቱ ዮዮን ካነሳህ ታሪኩን ጨርሰው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ የወባ መድኃኒቱ የወጣበትን ቅጠል በውሃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ የሚል አገኘች፣ እስካሁን ያበላሸነው በማፍላታችን ነው ማለት ነው ብላ በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው፣ በእንስሳ ሞከረች፣ ከዛ ራሷና የሥራ ባልደረቦቿ ወሰዱት፣ ከዛ ነው ለበሽተኛ የተሰጠው። ኢትዮጵያ በፈረንጆች 2004 ኮአርተምን ለወባ ስትመርጥ ያ ሁሉ ፈተና ታልፎ ነበር። ፓቹም እንደዛ ይፈተንና እኔ ራሴ እለጥፍላታለሁ።

እስቲ ውስጡ ያለውን እንይ። ዋናው ነጭ ሰናፍጭ ነው፣ ተፈጭቶ በዝንጅብል ጭማቂ የተለወሰ፣ ከሱ ጋር ሌሎች ሥሮች አሉበት። ሰናፍጭ ስትለውሱ አፍንጫችሁን የሚሰነፍጠው ነገር ቆዳንም ያቃጥላል። አዋቂ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያቆየዋል፣ ልጅ ግን ቢበዛ አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ባለፈው ሰመር የእህቴን ልጅ ሞግዚቷ ወስዳ አስለጠፈቻት፣ ክሊኒኩን አልጠራም፣ ቤት ሲመለሱ ሁለቱንም እንቅልፍ ጣላቸው፣ እኔ ስደርስ ከተለጠፈባት አምስት ሰዓት አልፎታል። ፕላስተሩን ሳነሳው ቆዳው አብሮ መጣ። ከአንገቷ ዝቅ ብሎ ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ አራት ቦታ ውሃ ቋጥሯል፣ እያንዳንዱ የአንድ ዩዋን ሳንቲም ያህላል። ሳምንት በሆዷ ተኛች። ምልክቱ ዛሬም አለ፣ ዋና ስትሄድ ቲሸርቴን አላወልቅም ትላለች። ክሊኒኩ ጋ ስደውል ውሃ ከቋጠረማ መድኃኒቱ ሠርቷል አሉኝ። ይሄ መልስ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ሌላው፣ ፓቹ ውስጥ ከሚገቡት ሥሮች አንዱ ሺሺን የሚባለው፣ ኩላሊት የሚጎዳ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል ነገር ሊኖረው ይችላል። በፈረንጆች 1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ላይ ይሄ አሲድ ያለበት የቻይና ዕፅ በስህተት ገብቶበት ክብደት ለመቀነስ የተሰጠ ክኒን ከ100 በላይ ሴቶችን ኩላሊት አበላሽቷል። እነሱ የዋጡት ነው፣ ይሄ የሚለጠፍ ነው፣ አንድ ነው አልልም፣ ግን እናት ጀርባዋ ላይ ምን እንደተለጠፈ ማወቅ መብቷ ነው።

ጋሼ ዪዉ፦ ልጆቼ እኔ የሕፃኑን ነገር አላውቅም፣ የራሴን ልንገራችሁ። እዚህ ቻይና ዪዉ ከተማ ገበያ ለገበያ ስዞር ካርቶን ሳነሳ ወገቤ ተቆለፈ፣ ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ። ክኒኑም ማሞቂያውም አልነካውም። አኩፓንቸር ስወጋ መርፌው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ሕመም የለውም፣ ሲያዞሩት ግን እግር ድረስ የሚወርድ ክብደት ነገር አለው። በስምንተኛው ቀን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ። በላዩ ላይ ብርጭቆ ሲደፉብኝ ደግሞ አባቴ በቀንድ ዋግምት ሲያስደርግ ያየሁት ነው ትዝ ያለኝ። ልጄ ፋርማሲስቷ፣ እኔ የዳንኩትን አልዳንክም ልትይኝ ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ኧረ ጋሼ በፍጹም፣ እንኳን ተሻልዎት። የወገብ ሕመምና የልጅ ሳንባ ግን አይገናኙም ነው የምለው።

የቲያንጂኑ ተማሪ፦ ጋሼ ያሉት ደግሞ በቁጥርም አለ። ጀርመን ከ1100 በላይ የወገብ ሕመምተኞች ላይ ሠርተው በፈረንጆች 2007 ያወጡት ጥናት አለ፣ አኩፓንቸር ካገኙት 47.6 ከመቶ ተሻላቸው፣ በተለመደው ህክምና ግን 27.4 ከመቶ ብቻ። ልዩነቱ ቀላል ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ሦስተኛውን ቡድን ለምን ዘለልከው? ነጥቡን ሆን ብለው ስተው ላይ ላዩን የወጓቸውም 44.2 ከመቶ ተሽሏቸዋል። መወጋቱ፣ ጋደም ማለቱ፣ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘቱ በሽተኛውን ረድቶታል፣ የቱ ጋ ተወጋ የሚለው ግን ብዙም አልለየም። የፓቹ ነገር ሁሉ ደግሞ የተንጠለጠለው ነጥቡ ላይ ነው። ነጥቡ ካልለየ የቀረው ሰናፍጭ ነው።

የቲያንጂኑ ተማሪ፦ በአንድ ጥናት 2000 ዓመት አይፈርስም። ግን አልክድም፣ ጥያቄው ከባድ ነው፣ እኛም ክፍል ውስጥ ተጨቃጭቀንበታል።

ከአዲስ አበባ፦ ይቅርታ በመሃል ልግባ። እናቴ አስም አለባት፣ አንድ ልጅ በቴሌግራም ሳንፉ ፓች ከቻይና አስመጣሁ ብሎ እየሸጠ ነው፣ ሐምሌ ላይ ነው የሚለጠፈው፣ ካለፈ አይሠራም አለኝ። እኛ ጋ ሐምሌ እኮ ዝናብና ጭቃ ነው፣ እናቴ ሁለት ጋቢ ደርባ ነው የምትውለው። የቱ ሙቀት ነው የሚያክማት?

የቲያንጂኑ ተማሪ፦ ለዚህ እንኳን ሽንጤን ገትሬ አልከራከርም፣ እንዳትገዛ። ሳንፉ ሰኔ 14 ገደማ ከሚውለው ከዓመቱ ረጅም ቀን ተነስቶ በነሱ አቆጣጠር የሚሰላ የነሱ ሙቀት ነው። በሽተኛው ማላብ አለበት፣ አስም ተነስቶበት ከሆነም ሐኪም ነው ይለጠፍ አይለጠፍ የሚለው። የአዲስ አበባ ሐምሌ ላይ በፖስታ መጥቶ የሚለጠፍ ነገር እኛ የምንማረው ህክምና አይደለም።

ፋርማሲስቷ፦ ተባረክ። ሰመር ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ልጆቻችን እዚህ ፋብሪካና ኮንስትራክሽን ላይ ናቸው። ሙቀት ሲበረታ ሁዎሺያንግ ዠንግቺ የሚባለውን ቡናማ ፈሳሽ በትንሿ ብልቃጥ እንደ ውሃ ትጨልጡታላችሁ። ከዓይነቶቹ ውሃ የሚባለው ከ40 እስከ 50 ከመቶ አልኮል ነው! ለልጅ አይሰጥም፣ ጠጥቶ መኪና አይነዳም፣ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ተወግታችሁ እሱን ከጠጣችሁ ደግሞ ልባችሁ እየመታ ፊታችሁ ቀልቶ ሆስፒታል ነው የምትገቡት። በሙቀት ሰው ከተቀባጠረበት፣ ከወደቀ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከሆነ ብልቃጥ አትፈልጉ፣ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ 120 ደውሉ። የማሾ ሾርባውን፣ ሐብሐቡን፣ የቀትር እንቅልፉን ግን ከነሱ ተማሩ፣ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም።

የጓንዡዋ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የሳንቲሙን ነገር ካነበብኩ በኋላ የልጄን ጀርባ ገልጬ አየሁት፣ አላስችል አለኝ፣ ዘንድሮ አልወስዳትም። ለአሮጊቷ ምን እንደምላቸው ግን እግዜር ይወቅ፣ በፍቅር ነው የሚሉኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ ፋርማሲስቷ። ሐኪሟ የሰጠኝ ሁለት ኢንሄለር ነው፣ ሰማያዊው ሲያፍናት ነው፣ ሌላው በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚባለው ነው። ሜይ ላይ ማሳሉን ስትተው ድናለች ብዬ የየቀኑን አቆምኩት፣ አምናም እንደዛው ነበር ያደረኩት። ችግር አለው?

ፋርማሲስቷ፦ አለው እህቴ። ደህና የሆነችው እኮ በየየቀኑ ኢንሄለር ሊሆን ይችላል፣ በሰመር አቁመሽው የዲሴምበር ብርድ ባዶዋን አግኝቷት ይሆናል። በራስሽ አታቁሚ በራስሽም አትጀምሪ፣ ነገ ሐኪሟ ጋ ይዘሻት ሂጂ፣ መቼ እንዳቆምሽ ሳትደብቂ ንገሪው። ሁለቱንም ኢንሄለርና ስፔሰሩን፣ ኢንሄለሩ ላይ የሚገጠመውን ቱቦ ማለቴ ነው፣ ይዘሽ ሂጂ፣ እንዴት እንደምትስብ ፊቱ ላይ ታሳየው፣ ብዙ ሕፃን መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ነው የሚቀርበት።

የጓንዡዋ እናት፦ እሺ። ጠዋት እሄዳለሁ።