«ዘ ቦት ዛት ሮክድ» ምን ያህሉ እውነት ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የሪቻርድ ከርቲስን «ዘ ቦት ዛት ሮክድ» የተባለ ፊልም አይቼ አሁን መጨረሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው፣ አሜሪካ ውስጥ «ፓይሬት ራዲዮ» የተባለው። በጣም ወደድኩት። ልጁ ተኛ ሲባል ራዲዮኑን ትራስ ሥር ደብቆ የሚከፍትበት መግቢያው ብቻውን ይበቃኛል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የራዲዮ ጣቢያ ያለባት መርከብ ባሕር ላይ ቆማ ቀን ከሌት ሙዚቃ ስትለቅ፣ የብሪታንያ መንግሥት ለምን ፖሊስ ልኮ አልዘጋትም? መጨረሻ ላይ መስመጧስ የሆነ ነገር ነው ወይስ ፈጠራ?

የሸክላ ወዳጅ
ፖሊስ ያልሄደው ሥልጣኑ እዚያ ድረስ ስለማይደርስ ነው። ያኔ የብሪታንያ የባሕር ክልል 3 ማይል ነበር። መርከቦቹ ከዚያ ወጣ ብለው መልሕቅ ይጥላሉ፣ አለቀ። ፊልሙ ላይ ያለችው «ራዲዮ ሮክ» የምትባል ጣቢያ በእውኑ አልነበረችም፤ መነሻዎቹ ሮናን ኦራሂሊ የሚባል አየርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1964 በፋሲካ ሰሞን የጀመራት ራዲዮ ካሮላይንና እንደ ራዲዮ ለንደን ያሉት ናቸው።

ፊልሙ በቅጡ ያልነገረን ግን ቢቢሲ ለምን ሙዚቃ ይሰስት እንደነበር ነው። ሹማምንቱ ሮክ ስለጠሉ ብቻ አይደለም። ከሸክላ አሳታሚዎችና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር በገባው ስምምነት ምክንያት ሸክላ የሚያጫውትበት ሰዓት የተገደበ ነበር፤ ማኅበሩ ሸክላ በበዛ ቁጥር አባሎቼ ሥራ ያጣሉ ብሎ ይሰጋ ነበርና። ስለዚህ ወጣቱ የሚወደውን ዘፈን ቢቢሲ ላይ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የስቱዲዮ ኦርኬስትራ የተጫወተው ነው። መርከቦቹ ይህ ገደብ የለባቸውም፣ ዋናውን ሸክላ ከጠዋት እስከ ማታ ይለቁታል። አድማጭ ቢጎርፍላቸው ምን ይገርማል!

ማዕበል
በመርከቦቹ ላይ የወጣውን ሕግ ነገር ልጨምር። ኬኔት ብራና የሚጫወተው ሚኒስትር ነገሩን የአንድ ክፉ ሰው ቂም ያስመስለዋል። ይሄ አልተመቸኝም። እውነተኛው ሕግ የወጣው በሃሮልድ ዊልሰን የሌበር መንግሥት ጊዜ ነው፣ ጉዳዩን ከያዙት የፖስታ ሚኒስትሮች አንዱም ቶኒ ቤን ነበር። በ1967 የወጣው ሕግ ዋና ዒላማው የመርከቦቹ ስንቅ ነበር። ማስታወቂያ የሰጠ፣ ምግብ ያደረሰ፣ እዚያ ሄዶ የሠራ ብሪታንያዊ ሁሉ ወንጀለኛ ሆነ። ያለ ማስታወቂያ ደግሞ ምን ገቢ አለ? ራዲዮ ለንደን ሕጉ ሊጸና ሰዓታት ሲቀሩት፣ ኦገስት 14 ቀን ተሰናብቶ ዘጋ። ካሮላይን እምቢ አለች። በማርች 1968 ግን ስንቅ የሚያመላልስላት የሆላንድ ኩባንያ ያልተከፈለኝ ዕዳ አለ፣ ክፈሉኝ ብሎ ሁለቱንም መርከቦቿን ጎትቶ ወሰደ። እኔ ይህን ፊልም ላይ ማየት እፈልግ ነበር።

ተመልካች
መስመጡ ከእውነት የራቀ አይደለም፣ ጊዜው ነው የተለየው። የካሮላይን መርከብ ሚ አሚጎ በማርች 1980 በማዕበል ሰጠመች። የነፍስ አድን ጀልባ ደርሶ ሰዎቹን በሙሉ አወጣቸው፣ ካናሪ ወፋቸውም ሳትቀር ተረፈች። አድማጮች በጀልባ ግር ብለው መምጣታቸው የፊልሙ ፈጠራ ነው፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ።

የምወቅሰው ሴቶቹን የያዘበትን መንገድ ነው። በጨለማ ሰው ተቀያይሮ ልጅቷ ጋ ለመግባት የሚሞከርበት ትዕይንት አለ። እንደ ቀልድ ነው የቀረበው፣ እኔ ግን ማታለል ነው የምለው። ፊልሙን እንዲያ እየወደድኩት እዚያ ላይ ቀዘቀዝኩ።

ጠያቂው
እናመሰግናለን፣ በጣም ነው የገባኝ። ዲጄዎቹስ የት ገቡ?

የሸክላ ወዳጅ
ብዙዎቹን ቢቢሲ ራሱ ቀጠራቸው። ሕጉ በጸና በሳምንታት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1967፣ የቢቢሲው የሙዚቃ ጣቢያ ራዲዮ 1 ተከፈተ። ማይክሮፎኑን መጀመሪያ የያዘው ከመርከቦቹ የመጣው ቶኒ ብላክበርን ነበር። ጆን ፒልም ከራዲዮ ለንደን ሄዶ እስኪሞት ድረስ እዚያው ሠራ።