ጥቆማ፦ ያለ ፈቃድ የተሠራ፣ እርጥበት የበላው ሰርቪስ ቤት አፍርሶ ለመሥራት

ሰሞኑን አንዲት የሰፈሬ ልጅ ደወለችልኝ። የእናቷን ሰርቪስ ቤት እርጥበት አስቸግሯቸዋል። "ግድግዳው ላይ የሚቀባ ጥሩ ነገር ካወቅክ እባክህ ጠቁመኝ" አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ያገኘሁትን ሰው ሁሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። መልሴ በስልክ የሚያልቅ አልሆነም። ሌላም ሰው ይጠቀምበት ብዬ ጻፍኩት።

የእኛ ቤት አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው። ዋናው ቤት ፈቃድም ካርታም አለው። ከኋላ ያሉት ሦስት ክፍሎች ግን ቤቱን ከመግዛታችን በፊት ክረምት ሲቃረብ በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው። ፕላን የላቸውም፣ ፈቃድ የላቸውም። ጀርባቸው የጎረቤት አጥር ነው። ወለላቸው ደግሞ ከግቢው አንድ ጫማ ያህል ዝቅ ይላል። እማዬ የምትተኛው የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ነበር። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሳል አይለቃትም። እኛ ብርዱ ነው እንል ነበር።

አንድ ነሐሴ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አደረግኩት። ጀርባው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። የነጠላዋ ጠርዝ ቢጫ ሆኗል። ፍራሹን ገለበጥኩት፣ ከሥሩ ረጥቧል። በእጄ በያዝኩት የቤት ቁልፍ ልስኑን ጫር ሳደርገው አሸዋው እንደ በሶ ዱቄት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ያን ቀን ነው ነገሩ የቀለም ጉዳይ እንዳልሆነ የገባኝ።

እስከዚያ ድረስ ሁለት ጊዜ አስቀብቼ ነበር። አንደኛው ቀቢ ስቱኮ አልብሶ ፕላስቲክ ቀለም ቀባ፣ ለፋሲካ ያማረው ቤት በመስከረም ተላጠ። ሁለተኛው "ውሃ አያስገባም" ያለውን ኬሚካል ከውስጥ በኩል ቀባ። እርጥበቱ የተቀባውን ጥሎ ከበላዩ ወጣ። ግድግዳው ላይ እስከ ወገብ ድረስ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታይ ነበር። ያ ጨው ነው። ውሃው ከመሬት በብሎኬቱ ውስጥ እየተሳበ ይወጣል፣ ፊቱ ላይ ሲተን ጨዉን ትቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ከውስጥ የሚቀባ ነገር ሁሉ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሪ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር ለጥፊ። ሁለት ቀን አቆዪው። ከላስቲኩ ውስጥ፣ በግድግዳው በኩል ጠብታ ከያዘ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው። ጠብታው ከላስቲኩ ውጭ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ የቤቱ እንፋሎት ነው፣ መስኮት መክፈትና አየር ማስገባት ይበቃው ይሆናል። ይህን ሳያዩ ዕቃ ለመግዛት ተክለ ሃይማኖት መሄድ አያስፈልግም። የእኛ ከግድግዳው ነበር። ጥግ ላይ ስንቆፍር መሠረት የተባለው ጥቁር አፈር ላይ የተቀመጠ አንድ ረድፍ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ወለሉም በቀጥታ አፈሩ ላይ የፈሰሰ ስስ ኮንክሪት ነው። ቦሌን፣ ገርጂን፣ አቃቂን የምታውቁ ጥቁሩን አፈር ታውቁታላችሁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። አፍርሰን ለመሥራት ወሰንን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ዝም ብለህ አድሰው፣ ማን ያይሃል" ይላል። እኔ አልመክርም። ጨረቃ ቤት የሚባለው ባዶ መሬት ላይ የተሠራው ብቻ ነው፣ ካርታ ባለው ግቢ የተጨመረ ክፍል ችግር የለውም የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። እኛ ስንሠራ የነበረው፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሏል፣ የራስ ግቢ ውስጥም ቢሆን። ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ እንደኛ ያለውን ፎቅ የሌለው መኖሪያ በመጀመሪያው ምድብ፣ በ"ሀ" ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ የተጠየቅነው ፕላን ከባድ አልነበረም። መመሪያ ስለሚቀያየር እናንተ ከመቆፈራችሁ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ። ደንብ ማስከበር መጥቶ ግማሽ የደረሰ ግድግዳ ከሚያስቆም፣ ቀድሞ መመላለሱ ይሻላል። ቤቱን ለባንክ ብድር ማስያዝ ስትፈልጉም የባንኩ መሐንዲስ የጸደቀ ፕላን ይጠይቃል።

ፕላን ለማሠራት ሦስት ሰዎች አነጋገርኩ። አንዱ ከጽሕፈት ቤት ደጃፍ ያገኘሁት ደላላ ነበር። ግቢውን ሳያይ "ነገ ውሰድ" አለኝ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ግን የሚሰጠው የሌላ ሰው ቤት ፕላን ነው። ሁለተኛው ትልቅ የአማካሪ ድርጅት ነው፣ ለሦስት ክፍል ሰርቪስ የጠየቀው ዋጋ አልቀመስ አለ። ሦስተኛዋ ፈቃድ ያላት ወጣት አርክቴክት ናት። ሜትር ይዛ መጣች። ጥግ ለጥግ ለካች። ከዚያ "የጀርባውን ግድግዳ ከአጥሩ ካላራቅነው እርጥበቱ አይለቃችሁም" አለችኝ። ክፍሎቹ በዚህ ምክንያት ትንሽ ጠበቡ። ከአጥሩ ጋር ያለው ክፍተት ግን ዛሬ አየር ያስገባል፣ የአጥሩ ውሃም ግድግዳችንን አይነካም። የእኔ ጥቆማ እንደሷ ያለ፣ ግቢያችሁ ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የሙያ ፈቃዱን እዩ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ሠራተኛ በሦስት መንገድ ይገኛል፦ በቀን ሒሳብ፣ በካሬ የእጅ ዋጋ፣ ወይም ከነዕቃው በቁርጥ። ቁርጥ ለሚጣደፍ ሰው ይመቻል። ነገር ግን ሠሪው የሚያተርፈው ከሲሚንቶውና ከፌሮው (ከብረቱ) ላይ ስለሆነ እርጥበት ላቃጠለው ሰው አልመርጠውም። እኔ ቀላቀልኩት። መሠረቱን በቀን ሒሳብ አሠራሁ፣ ዕቃውን ራሴ ገዛሁ። መሠረት ላይ መጣደፍ ጉዳት አለውና ግንበኛው ቶሎ ጨርሶ እንዲሄድ የሚገፋው ነገር እንዲኖር አልፈለግኩም። ግድግዳውን በካሬ ሰጠሁ፣ እሱ በዓይን የሚለካ ሥራ ነው። ግድግዳው ቀጥ ማለቱ የሚለካበት ቱምቢ ሲጣል ቆሞ ማየት ይቻላል። ልስኑን ግን እንደገና በቀን አደረግኩት።

መሠረቱ ላይ ያደረግነውን ዘርዘር ላድርግ፣ ምክንያቱም ገንዘቤ ያለቀው እዚያ ነው፣ ቤቱን ያዳነውም እሱ ነው። ጥቁሩን አፈር አስወጣን። ገረጋንቲ (የማያብጥ መሙያ አፈር) አስገብተን በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እየደለደልን፣ ውሃ እያጠጣን ጠቀጠቅነው። የጥቁር ድንጋዩ ግንብ ከግቢው በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ። ለወለሉ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ተደረደረ፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈ፣ ኮንክሪቱ የፈሰሰው ከዚያ በኋላ ነው። ላስቲኩ መጋጠሚያው ላይ አንዱ በሌላው መደራረብ አለበት። ሠራተኞቹ በአካፋ እንዳይበሱት እኔ ራሴ ቆሜ ነበር። ብሎኬቱ ከመጀመሩ በፊትም ግንቡ አናት ላይ እርጥበት የሚከለክል ሽፋን ገባ። በገበያ ያለው ካትራሜም (የሚቀባው ሬንጅ) ሆነ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሜምብሬን ይሠራል። እኔ ሜምብሬኑን መረጥኩ፣ ካትራሜ ስስ ሆኖ ሲቀባ ያመለጠውን ቦታ ማየት ይከብዳል። የሲካ ዓይነት ውሃ መከላከያ ኬሚካሎች ጥሩ ቦታቸው እዚህ ነው፣ ከመሬት ጋር በሚገናኘው የውጭ ልስን ማልታ (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ውስጥ። ቤት ውስጥ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ አይደለም።

ሲሚንቶ ላይ ሰው የሚከራከረው በፋብሪካ ስም ነው። ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ ሙገር፣ ሀበሻ፣ በመስከረም 2017 የተመረቀው ለሚ። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ነው ወይስ ፒፒሲ (ፖዞላና የሚባል የእሳተ ገሞራ አፈር የተቀላቀለበት) የሚለው ነው። ለኮለንና ለቢም (ለቋሚውና ለአግዳሚው የኮንክሪት ምሰሶ) ኦፒሲ፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ ተጠቀምን። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ ለልስን ግን ይመቻል፣ ዋጋውም ይቀላል። ከረጢቱን ዳሰስ አድርጉ። ውስጡ ጓል ከያዘ እርጥበት አግኝቶታል፣ መልሱት።

ብሎኬት ከመንገድ ዳር ማምረቻ ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ቀን ውሃ ጠጣ?" ይሁን። አንዱን አንሡና ከጉልበት ከፍታ ልቀቁት። ጥሩ ብሎኬት ጠርዙ ቢቆረስ እንጂ አይፈረካከስም። በሚስማር ጫር አድርጉት። ለውጭ ግድግዳ ባለ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለመከፋፈያ ባለ 15 ወይም ባለ 10 ይበቃል። አግሮ ስቶን የሚባለውን ተገጣጣሚ የግድግዳ ሰሌዳ ለመከፋፈያ የሚመክሩ አሉ፣ ቀላልና ፈጣን ነው። እርጥበት ባለበት ክፍል ግን እኔ አላስገባውም።

ለጣሪያ ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን (የውፍረት ቁጥሩን) ጠይቁ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። 35 ርካሽ ነው፣ ሰው ሲረግጠው ይጎረብጣል፣ በተጎረበጠው በኩል ውሃ ይገባል። እኛ 28 ገዛን። አሸንዳውን ሰፋ አድርጋችሁ አሠሩ። ቱቦው ውሃውን ግድግዳው እግር ሥር እንዲያፈስ አትተዉት፣ እስከ ውጭ ቦይ ይድረስ። የእኛ ቤት ከታመመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር።

ጭቃ ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ሲለሰን ውሃው ውስጥ ይታፈናል፣ ልስኑም በሁለት ክረምት እንደ ቅርፊት ይነሳል። ለእሱ ጭቃና ጭድ ከሲሚንቶ ይሻለዋል።

ቀለም መጨረሻ ላይ ነው። ልስኑ ቢያንስ አራት ሳምንት ይድረቅ። ለውጭ ኳርትዝ የሚባለው ሻካራ ቀለም፣ ለውስጥ ፕላስቲክ ቀለም። የካዲስኮም የንፋስ ስልክም ፋብሪካ ቀለሞች ገበያ ላይ በቀላሉ ይገኛሉ። ደረቅ ግድግዳ ላይ ሁለቱም ያምራሉ። ዋናው ግድግዳው መድረቁ ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ሰርቪስ የምታሠሩም ብዙ ናችሁ። ያለቀ ቤት ፎቶ አይበቃችሁም። ወለሉ ከመሸፈኑ በፊት ገረጋንቲውን፣ ድንጋዩንና ላስቲኩን በቪዲዮ ይላኩላችሁ፣ ሜትር ተዘርግቶበት። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ማንም አያየውም። ክፍያውንም በዚያው ቅደም ተከተል ከፋፍሉት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ፕላኑንና ፈቃዱን ክረምት ላይ ጨርሳችሁ ከመስቀል በኋላ ጀምሩ። እኛ ጥቅምት ላይ ቆፈርን፣ የካቲት ላይ ቀባን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ባለፈው ነሐሴ ቁም ሳጥኑን እንደገና ሳብ አድርጌ ጀርባውን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ "ምን ትፈልጋለህ?" አለችኝ።

እኔ አሁን የምፈልገው ጥሩ የአሸንዳ ሠራተኛ ነው። የዋናው ቤት መጋጠሚያ ላይ አንድ ቦታ ያንጠባጥባል። ገርጂ፣ ጃክሮስ ወይም ጉርድ ሾላ አካባቢ ላሜራ አጥፎ በልኩ የሚሠራ፣ ተጠርቶ የሚመጣ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።