ሊምፎሳይት የሞላበት የሳንባ ሽፋን ፈሳሽ፦ ቲቢ ወይስ ሊምፎማ?

በባሕር ዳር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከጣና ዳር ከመጡ አንድ አባት የሳንባ ሽፋን ፈሳሽ ተቀድቶ መጣልኝ፤ ከነጭ የደም ሴሎቹ 90 በመቶው ሊምፎሳይት (ከነጭ የደም ሴል ዓይነቶች አንዱ) ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ፈሳሽ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ባክቴሪያ ዘረ መል የሚፈልገው ምርመራ) አላገኘውም፤ በዚህ ፈሳሽ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚያመልጠው ግን ውጤቱ አላረጋጋኝም።

በሴንትሪፉጅ አዙሬ ዝቃጩን በስላይድ ላይ ስቀባው ሴሎቹ ተጨፈለቁ። አንድ ጠብታ ሴረም ጨምሬ በጂምሳ ሳቀልም ቅርጻቸው ተጠበቀ፦ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፣ ኒውክለሳቸው የተሰነጠቀ፣ ኒውክሊዮላቸውም (በኒውክለስ ውስጥ ያለው ነጥብ) የጎላ ነው። በቲቢ የተቆጡ ቢሆኑ በመጠንም በመልክም ይለያያሉ ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ ሊምፎማን (የሊምፎሳይት ካንሰርን) ጠረጠርኩ።

ፍሎው ሳይቶሜትሪ (የሴሎችን ዓይነት በሌዘር የሚለየው ምርመራ) የለንም፤ ፎርማሊንና ፓራፊን አለን። በማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረኝ 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሴል ብሎክ (ዝቃጩን በፎርማሊን አጽንቶ በፓራፊን ውስጥ ማጠንከር) ልሥራበት ወይስ በአየር የደረቁ ስላይዶች አድርጌ ለኢሚውኖ ቀለም (የሴሎችን ዓይነት በፀረ እንግዳ አካላት ለሚለየው ምርመራ) ወደ አዲስ አበባ ልላከው?