የግል ክሊኒክ ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ትርፍ ሰዓቴን በሕግ ማስከፈል እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ሲስተር ከማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የምገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ የምወጣው ጠዋት 12 ሰዓት። በሳምንት ስድስት ሌሊት። ደመወዜ 6,240 ብር ነው፤ ለሌሊቱ ተብሎ የሚጨመር ምንም የለም።

መንገድ በተዘጋ ቀን ደግሞ የምትቀይረኝ ልጅ አትደርስም። ያን ጊዜ እስከ ማታ እዚያው ነኝ። ባለፈው ወር እንዲህ ሆኜ 24 ሰዓት ቆየሁ። ወደ መጨረሻው ላይ የአንድ ሕፃን ደም ሥር ስፈልግ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ እጄን እያየች ዝም አለች። ያ ዝምታዋ እስካሁን አልወጣልኝም።

በዚያው ወር የጣት ኦክስጅን መለኪያ ጠፋ ተብሎ 900 ብር ተቆረጠብኝ። የፈረምኩት ነገር የለም። ባለቤቱን ሳናግረው "ተስማምተሽ ፈርመሽ ነው የገባሽው፤ ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው" አለኝ። እውነት የፈረምኩት ውል ያስረኛል? ሕጉ ለእኛ የሚለው ነገር አለ? ብከስስስ ያባርረኛል?

መልስ፦ ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም

አይዞሽ እህቴ። እኔም አልፌበታለሁ። ሌላውን የሕግ ሰዎች ይነግሩሻል፤ እኔ ስለ ማስረጃ ልንገርሽ።

ማታ ስትገቢ የርክክብ መዝገብ ላይ ትፈርሚያለሽ አይደል? ጠዋት ስታስረክቢም ትፈርሚያለሽ። የገባሽበትና የወጣሽበት ሰዓት እዚያ ላይ በእጅሽ ጽሑፍ አለ። ከእሱ የሚበልጥ ምስክር የለሽም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የተረኝነት ፕሮግራም በየወሩ በስልክሽ አንሺው። የርክክቡን ገጽ ግን የታካሚ ስም ስላለበት አታንሺ። ችግር ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ለታካሚውም ተገቢ አይደለም። ይልቅ ትንሽ ደብተር ያዢና ቀኑን፣ የገባሽበትን፣ የወጣሽበትን፣ ማን እንደተረከበሽ ጻፊ። የዛሬውን ዛሬ። እኔ "በኋላ እጽፈዋለሁ" እያልኩ የሦስት ወር ሰዓቴን ማስረዳት አቃተኝ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው የምትተዳደረው። አንቺ ግን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ነሽ።

ከውሉ ልጀምር። ከአዋጁ ያነሰ መብት የሚሰጥ ውል አይጸናም። ብትፈርሚም አይጸናም። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። አንቺ 72 ሰዓት እየሠራሽ ነው። አሠሪዎች ብዙ ጊዜ "ሰዓቱን በአማካይ ነው የምናሰላው" ይላሉ። እውነት ነው፣ ሕጉ ሰዓትን በአራት ሳምንት አማካይ ማስላትን ይፈቅዳል። ግን አማካዩም ከ48 ማለፍ የለበትም። ያንቺ በየሳምንቱ 72 ስለሆነ በአማካይም ቢያሰሉት 72 ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ወርሃዊ ደመወዝ ለ208 ማካፈል የተለመደ ነው። 6,240 ለ208 ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ይመጣል። የየሌሊቱ የመጨረሻ አራት ሰዓት ትርፍ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፤ ስለዚህ በሰዓት 52.50 ብር። በሳምንት 24 ሰዓት፣ 1,260 ብር። በአራት ሳምንት 5,040 ብር። የደመወዝሽን አራት አምስተኛ ያህላል። ቀን የቆየሽበት ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ በሳምንት ዕረፍትሽ ቀን የሠራሽው በ2፣ በሕዝብ በዓል የሠራሽው በ2.5 ይባዛል።

ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ ተተኪ ሲቀር ትርፍ ሰዓት ማሠራት ሕጉ ይፈቅዳል። ስለዚህ መንገድ በተዘጋ ቀን ማስቆየቱ ብቻውን ጥፋት ላይሆን ይችላል። ግን ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ የተሠራውም ይከፈላል። ትርፍ ሰዓቱን የመመዝገብ ግዴታም የአሠሪው ነው። መዝገቡ በእሱ እጅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ እንዲያቀርብ ያዘዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ይርጋ ማለት መብትሽን መጠየቅ የምትችይበት የጊዜ ገደብ ነው። የሁለት ዓመቱን በሙሉ አታገኚም። የስድስት ወሩ 30,240 ብር ገደማ ነው፤ ዝም ባልሽ ቁጥር ከኋላው አንድ አንድ ወር እየተቆረጠ ይሄዳል። አሁኑኑ ተንቀሳቀሺ።

የ900 ብሩም ቢሆን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሙት ውል)፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አንቺም በጽሑፍ ካልተስማማሽ መቆረጥ አልነበረበትም። በአንድ ወር የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ እንኳ ከደመወዝሽ አንድ ሦስተኛ ማለፍ አይችልም።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ፣ ቡሬ

እኛም እዚያው ነን። ግን ከትርፍ ሰዓቱ በፊት ደመወዙ ራሱ ትንሽ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባል ሕግ የለም? ደግሞ ግንቦት 2017 ላይ የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች ሥራ አቁመው ነበር። እኛ እንደዚያ ማድረግ አንችልም?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰው ሁለቱን ነገር ይቀላቅላል። ፍርድ ቤት ሕጉ አስቀድሞ የሰጠህን ያስከፍልሃል። ደመወዝህን ከ6,000 ወደ 10,000 ከፍ አያደርግልህም። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) ለዓመታት ሲጮህበት የኖረ ጉዳይ ነው። ለግል ሠራተኛ ግን ወለሉ ገና አልተቀመጠም።

ስለዚህ የጭማሪው መንገድ የኅብረት ድርድር ነው። አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ነርስ ብቻ መሆን የለበትም፤ ጽዳቷም፣ ጥበቃውም፣ ካርድ ክፍሏም ይቆጠራሉ። ከአሥር በታች የሆናችሁ ከሌሎች ክሊኒኮች ጋር ሆናችሁ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። የአብዛኛው ክሊኒክ መፍትሔ ይሄ ይመስለኛል።

ሥራ ማቆም ግን አይቻልም። አዋጁ ሆስፒታል፣ ክሊኒክና ፋርማሲን እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ብሎ ከአድማ ከልክሏቸዋል። በድርድር ካልተስማማችሁ የደመወዙ ክርክር ወደ ጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ይሄዳል።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ ነርስ፣ ሞጣ

ልጄ፣ ብቻሽን ወደ ባለቤቱ አትሂጂ። ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ፣ ቅጂው ላይ "ደርሶኛል" ብሎ እንዲፈርምላችሁ አድርጉ። እንቢ ካለ ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውን ጠይቁ። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለም፤ ስለ ገንዘብ ብለሽ እንዳትቀሪ።

የጡረታሽን ነገርም እይ። ከአንቺ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት አለበት። እኔ በግል የሠራሁባቸው ዓመታት ተቆርጦብኝ ሳይገባልኝ የቀረ አለ። ያወቅሁት ጡረታ ስወጣ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄደሽ በስምሽ የገባውን አሁኑኑ ጠይቂ።

መርፌ ቢወጋሽም በዚያው ሰዓት በጽሑፍ አሳውቂ። የሥራ ላይ ጉዳት ነው፤ ሕክምናው በአሠሪው ነው።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

እናታችን ልክ ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ደብዳቤ ለባለቤቱ መስጠት ብቻውን ይርጋውን አያቆምም። ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ይቆማል። ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ወይም ለፍርድ ቤት አቤት ስትዪም ይቆማል። ስለዚህ መልሱን እየጠበቅሽ ወራት አትቁጠሪ።

መባረሩን በተመለከተ፣ አሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም መክሰስ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት አይደለም። ቢያሰናብትሽ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፍርድ ቤቱ እንድትመለሺ ወይም ካሳ እንዲከፈልሽ ሊወስን ይችላል። የሥራ ልምድ ወረቀትሽንም ያለ ክፍያ መስጠት ግዴታው ነው። ክስ የሚጽፍልሽ ካጣሽ እዚያው ማርቆስ ዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ።

ጠያቂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አራት ሆነን ሄድን፤ ሁለት ነርስ፣ አንድ ላብራቶሪ፣ አንድ ጽዳት። ደብዳቤውን ሲቀበል እጁ ላይ ትንሽ አቆየውና ፈረመ። በሳምንቱ መልስ ስላልሰጠን ወደ ተቆጣጣሪው ሄድን። የተረኝነት ፕሮግራሙን ፎቶና ደብተሬን አየ፣ ክሊኒኩንም በደብዳቤ ጠራው። 900 ብሩ ተመልሶልኛል። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የሌሊቱ ተራ ለሁለት ተከፍሎ አራት ሌሊት ብቻ ነው የምገባው።

ያለፈውን ትርፍ ሰዓት ግን "አልከፍልም" ብሏል። የመጀመሪያው ወር ይርጋ እንዳያልፍብኝ ክሱን ሐሙስ አስገባለሁ። ላብራቶሪው ወንድሜ ከቡሬ፣ ስለ ጠቅላላ ማኅበሩ ነገር በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። እዚህ ከሁለት ክሊኒክ ሰባት ሰው አግኝተናል።